ሰባት መቶ ማዕበል፣ አንድ ጥንድ ጫማ

ብሌክ ጆንስተን ሳንቃውን ታቅፎ ወደ ባሕር ሲገባ ገና ሌሊት ነበር። ቦታው በሲድኒ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው የክሮኑላ ባሕር ዳርቻ ነው፤ ጊዜው ደግሞ መጋቢት 2015 ዓ.ም.። የአርባ ዓመቱ አውስትራሊያዊ ያንን ሌሊት፣ የሚቀጥለውን ቀን፣ ከዚያም ሌላ ሌሊትና ሌላ ቀን ማዕበል ሲጋልብ ቆየ። በቃኝ ብሎ ሲወጣ 40 ሰዓት ሆኖት ነበር። የጋለባቸው ማዕበሎች ሲቆጠሩ ከ700 በለጡ። ከእሱ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን የደቡብ አፍሪካዊው የጆሽ ኤንስሊን ሲሆን፣ እሱም 30 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ነበር።

የጆንስተን አባት ራሳቸውን ካጠፉ አሥር ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ልጃቸው ለወጣቶች የአእምሮ ጤና የሚውል ገንዘብ ማሰባሰብ ፈለገ። መጀመሪያ ያሰበው አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ነበር፤ በኋላ ግን ልጅ ሳለ ጀምሮ ወደሚያውቀው ወደ ባሕሩ ዞረ። ሰዉ ከ300 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር በላይ አዋጣለት።

ይህን ታሪክ የማነሣው ባሕር በሌላት አገር፣ ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ሰፈር ሆኜ ነው። አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ላይ ማዕበል የለም። ይሁን እንጂ ጆንስተን ክሮኑላ ላይ ያደረገው ነገር ከብዙ ሰፈር ይልቅ ለዘነበወርቅ ቅርብ ነው። አንድ ጤነኛ ሰው ለሌላው ሰው ገንዘብ ለመለመን ሲል የራሱን ገላ አደባባይ አውጥቶ አደከመ። እዚህ ሰፈር ደግሞ ለብዙ ዘመን ገላውን አደባባይ አውጥቶ ሲለምን የኖረው የሥጋ ደዌ በሽተኛው ራሱ ነው።

ማዕበል መጋለብ ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው ሳንቃ ላይ ቆሞ መብረር ይመስላል። ድካሙ ያለው ግን ከመቆሙ በፊት ነው። ጋላቢው ሳንቃው ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ በሁለት እጁ እየቀዘፈ፣ ፊት ለፊት የሚመጣበትን አረፋ እየሰነጠቀ ወደ ጥልቁ ይወጣል። እዚያ ደርሶ ይጠብቃል። ማዕበል ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ሆኖ ተከታትሎ ይመጣና ባሕሩ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ይተኛል። የሚሆነው ሲመጣ ፊቱን ወደ ምድር አዙሮ በኃይል ይቀዝፋል፤ ፍጥነቱ ከማዕበሉ ፍጥነት ጋር ሲገጥም በእጁ ተደግፎ ዘሎ ይቆማል። ከቆመ በኋላ ያለችው ደስታ የጥቂት ሰከንድ ናት። ከዚያ ወደ ጥልቁ መልሶ መቅዘፍ ነው። 40ውን ሰዓት ለ700 ማዕበል ብናካፍለው በየሦስት ደቂቃ ተኩሉ አንድ ማዕበል ይደርሳል፤ በቀን ብርሃንም በሌሊትም። ትከሻ ይዝላል፣ ከሳንቃው ጋር የሚፋተገው የደረትና የጎን ቆዳ ይላጣል፣ ጨው ዓይን ያቃጥላል፣ ውሃው ውስጥ የቆየ ገላ ሙቀቱን እያጣ ይሄዳል።

ቁጥር የሚያሳድድ ጋላቢ ደግሞ ትልቁንና ውቡን ማዕበል አይመርጥም። ትልቁ ማዕበል ሩቅ ይወስደዋል፤ ሩቅ ከሄደ መልሶ የሚቀዝፈው መንገድ ይረዝማል፣ ቆጠራውም ይጎተታል። ስለዚህ ትንንሾቹን ይይዛል፤ ጥቂት ሄዶ ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ ሌላ ይይዛል። ለፎቶ የምትሆን ማዕበል ብትመጣ እንኳ ያልፋታል። ከዚህ ዓይነቱ ውድድር ሁሉ ልቤን የሚነካው ይህ ነው፤ ዝናን የሚያመጣውን ትቶ ቁጥር የሚሞላውን መምረጥ።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያዋ ሳንዲያጎ ሚሽን ቢች ላይ የሚደረግ የመቶ ማዕበል ውድድርም አለ። ቦይስ ቱ ሜን የተባለ፣ አባት አጠገባቸው ሳይኖር የሚያድጉ ወንዶች ልጆችን ከመካሪ አዋቂዎች ጋር የሚያገናኝ ድርጅት የሚያዘጋጀው ነው። ተወዳዳሪው በአንድ ቀን መቶ ማዕበል ለመያዝ ይሞክራል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃ ውስጥ ቢውል በየሰባት ደቂቃው አንድ መሆኑ ነው። ገንዘቡ የሚሰበሰብበት መንገድ ቀላል ነው። ተወዳዳሪው ወደ ባሕሩ ከመሄዱ በፊት ዘመድ ወዳጁን፣ የሥራ ባልደረባውን፣ የሰፈሩን ባለሱቅ እየዞረ ቃል ያስገባል። አንዱ በጥቅሉ ይሰጣል፤ ሌላው በአንድ ማዕበል ይህን ያህል ይላል። በማዕበል የተገባ ቃል ጋላቢውን ያስገድደዋል። ሰማንያ ላይ ደርሶ ክንዱ እምቢ ሲለው የቀሩት ሃያዎቹ የእሱ ብቻ አይደሉም፤ አክስቱ ቃል የገባችባቸው ናቸው። ሰጪውም እቤቱ ተቀምጦ ልቡ ከባሕሩ አይርቅም። ስንት ደረሰ እያለ ይጠይቃል። ምጽዋት ሰጥቶ ፊቱን የሚያዞር ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ከጦር ኃይሎች በጅማ መንገድ ወደ አየር ጤና ታክሲ የተሳፈረ ሰው መሀል ላይ «ዘነበወርቅ ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ሳይሰማ አያልፍም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በወጣትነታቸው ካረፉት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው። በ1920ዎቹ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በእሳቸው ስም ተሰየመ፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ሰፈሩን ወለደ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ፣ ከሌላውም ያገራችን ክፍል በእግርና በከብት የመጡ ሕሙማን ታክመው ወደ ቀያቸው መመለስ አልሆነላቸውም። አገር ቤት የሚጠብቃቸው መገለል ነበር። ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ጎጆ ቀለሱ፣ ተጋቡ፣ ወለዱ። ዛሬ በሰፈሩ ከሚኖረው ሰው ብዙው የእነሱ ልጅና የልጅ ልጅ ነው፤ በሽታው ግን የለበትም።

በ1958 ዓ.ም. እዚያው ግቢ ውስጥ አለርት ተመሠረተ፤ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሐኪሞችና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ገንዘብ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አጠገቡ ተቋቋመ። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1873 የበሽታውን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። በምሥራቅ በኩልም ሐረር አጠገብ ያለው የቢሲዲሞ የሥጋ ደዌ ማዕከል የቆመው ቩርዝቡርግ በተባለች የጀርመን ከተማ ሄርማን ኮበርና ጓደኞቹ በ1949 ዓ.ም. በመሠረቱት ማኅበር መዋጮ ነው። እነዚህ ሁሉ ኢትዮጵያን አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ያዋጡት ገንዘብ ውጤቶች ናቸው። ከሩቅ ያለው ሰጪ በፖስታ የሚደርሰውን ጥሪ አንብቦ ሲሰጥ፣ ቅርብ ያለው ሰጪ ግን ካላየ አይሰጥም ነበር።

በሰፈሩ የማውቃቸው አንዲት እናት ነበሩ። ቤታቸው ውስጥ፣ ቡና ሲያፈሉ፣ ጎረቤት ሲያጫውቱ፣ እጃቸው ከነጠላቸው ሥር ነው። ጣቶቻቸው አጥረዋል፤ ስኒውን በሁለት መዳፋቸው መሀል ይይዙታል፣ እሱንም ቢሆን እንግዳ ሲኖር ለልጃቸው ይተዉላታል። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲቀመጡ ግን እጃቸው ከነጠላው ይወጣል። ጠይቄያቸው ያስረዱኝ ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ እጃቸውን ካላዩ በቀር ሰዎች እንደማይሰጧቸው፣ የተሸፈነ እጅ የጤነኛ እጅ ተደርጎ እንደሚቆጠር ነገሩኝ። ቤታቸው ውስጥ ከሁሉ አብልጠው የሚሰውሩትን ነገር አደባባይ ላይ ለማንም አላፊ አግዳሚ ማሳየት ነበረባቸው። አንዱን ብር የሚያገኙት በዚያ ነው።

ይህ ልማድ ሥሩ ጥልቅ ነው። በሰፈሩ የሚዘከረው ጻድቁ ገብረ ክርስቶስ የንጉሥ ልጅ ሳለ ሠርጉን ጥሎ፣ ሀብቱን መጽውቶ፣ በመጨረሻም ማንም ሳያውቀው በገዛ አባቱ ደጅ በቁስለኛ ለማኝ አምሳል እንደ ኖረ ገድሉ ይተርካል። በየዓመቱ ጥቅምት 14 በዓሉ ይከበራል። የሥጋ ደዌ ሕሙማን በዚህ ጻድቅ ላይ ያላቸው ፍቅር የሚያስገርም አይደለም፤ ከደጅ የተጣለ ሰው የቤቱ ልጅ ሊሆን እንደሚችል የሚናገር ታሪክ ነውና።

ከዚህ የተለየ የልመና መንገድም አለን፤ የላሊበሎች። በአማራ አካባቢዎችና በአዲስ አበባ ጎሕ ሳይቀድ ከየቤቱ ደጅ ቆመው የሚያዜሙ፣ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው እያነሡ የሚያወድሱ፣ ሲሰጣቸው መርቀው ፀሐይ ሳትወጣ የሚሄዱ ቤተሰቦች ናቸው። ይህን ልማድ ያቋረጠ ሰው በሥጋ ደዌ ይያዛል የሚል እምነት በመካከላቸው ሲወርድ ሲዋረድ ኖሯል። ሕክምናው ይህን አያውቅም፤ በሽታው የሚመጣው ከባክቴሪያ ነው፣ ከመቶ ሰው ወደ ዘጠና አምስቱ ደግሞ በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነገራቸው ነው። ላሊበላው ቁስል አያሳይም። የሚያቀርበው የሌሊት እንቅልፉን፣ የተጓዘበትን ብርድና ድምፁን ነው። ጤነኛ ሆኖ ደክሞ ይለምናል። ከክሮኑላው ጋላቢ ጋር ያለው ዝምድና እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱን የልመና መንገዶች በአንድ ዘመን ጎን ለጎን ያየንበት ጊዜ የ1977ቱ ረኃብ ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው፣ ማይክል በርክ በቢቢሲ ያቀረበው ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ፤ ገንዘቡም መጣ። የመጣው ግን አጥንቱ የወጣ የወገኖቻችን ገላ በየሀገሩ ሳሎን ታይቶ ነው። ያ ምስል ብዙ ሰው አትርፏል፤ ይህን መካድ አይገባም። ለብዙ ዓመትም በስማችን ላይ ተለጥፎ ኖሯል፤ ይህንንም መካድ አይቻልም። ከዚያ በኋላ በ1978 ዓ.ም. ስፖርት ኤይድ የተባለው ዘመቻ መጣ። ሱዳናዊው ሯጭ ዑመር ኸሊፋ አገሩ ውስጥ ካለ የረኃብተኞች መጠለያ እሳት ላይ ችቦ ለኩሶ፣ በአውሮፓ ዋና ከተሞች አልፎ ኒውዮርክ ገባ። ግንቦት 17 ቀን ሚሊዮኖች በየከተማቸው አሥር ኪሎ ሜትር ሮጡ። በዚያ ቀን በቴሌቪዥን የታየው ላብ የጤነኛ ሰው ላብ ነበር። ዑመር ኸሊፋ ራሱ አፍሪካዊ መሆኑን ደግሞ ማስታወስ ይገባል፤ ስለ አፍሪካ የሚለምነው አፍሪካዊ በዚያ ቀን ሲሮጥ ታየ።

እኛስ? ባሕር ባይኖረን መንገድ አለን። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ወርቁን ይዞ ከመጣ በኋላ የእንግሊዙን ግሬት ኖርዝ ራን የመሰለ የጎዳና ሩጫ ለአዲስ አበባ ታሰበ። በኅዳር 1994 ዓ.ም. አሥር ሺህ ሰው የተሳተፈበት የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ተካሄደ፤ ኃይሌ ራሱ አሸነፈ። ዛሬ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይሮጥበታል። ዕለቱን ያየ ያውቀዋል። ከንጋት ጀምሮ ከየሰፈሩ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሰ ሕዝብ ወደ መስቀል አደባባይ ይፈስሳል። ከዘነበወርቅም ወጣቶች እየዘፈኑ በታክሲና በእግር ይወርዳሉ። ፊት ያሉት ጥቂቶች ለሽልማት ይሮጣሉ፤ የቀረው ሕዝብ ይጨፍራል፣ ይራመዳል፣ ከየበረንዳው ውሃ ይረጭበታል። አዲስ አበባ እንደዚያ ቀን አንድ ሆና የምትታይበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ሩጫው በየዓመቱ ለአገር ውስጥ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ ያሰባስባል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። የሚጎድለን ሌላ ነገር ነው። አብዛኛው ሯጭ የሚከፍለው የመመዝገቢያውን ዋጋ ነው። ከመሮጡ በፊት አክስቱን፣ የመሥሪያ ቤት አለቃውን፣ የዕድሩን ዳኛ በአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ትሰጡኛላችሁ ብሎ የሚዞር ጥቂት ነው። ከመለመን ስለምናፍር አይመስለኝም። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለታመመ ወዳጅ ስንለምን አናፍርም። ሆኖም ለታመመ ስንለምን የለመድነው መንገድ ያው ነው፤ የሕሙሙን ፎቶ ማውጣት። ቴሌግራሙንና ፌስቡኩን የከፈተ ሰው በየቀኑ ያየዋል። አፍንጫው ላይ ቱቦ የገባለት ሕፃን፣ ሆዷ ያበጠ እናት፣ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የነበረው ነገር ወደ ስልካችን ተዛወረ እንጂ አልተለወጠም። ፎቶውን ያወጡትን አልወቅስም፤ ልጅ ሊሞትበት የቀረበ ሰው ያለውን ሁሉ ያደርጋል። የምወቅሰው ካላየን የማንሰጠውን እኛን ነው።

ገንዘቡ ምን ይገዛል የሚለውን ለማየት ወደ አለርት ጫማ መሥሪያ ክፍል መግባት ይሻላል። ቆዳ፣ ሙጫና ጎማ ይሸታል። ባለሙያው ታካሚዋን ወረቀት ላይ ያቆማቸውና የእግራቸውን ዙሪያ በእርሳስ ይከተላል። የሚወጣው ቅርጽ መደብር ውስጥ ከሚገኝ ጫማ ከአንዱም ጋር አይገጥምም፤ ከፊት አጭር፣ ከጎን ሰፊ ነው። ውስጡ ለስላሳ ስፖንጅ ይነጠፍለታል፤ የሰውነትን ክብደት በአንድ ቦታ ላይ እንዳይከማች አድርጎ የሚበትን ዓይነት ነው። ሚስማር አይመታበትም፤ ይሰፋል፣ በሙጫ ይጣበቃል። ሲያልቅ ባለሙያው እጁን ጫማው ውስጥ ከትቶ ከጫፍ እስከ ተረከዝ በጣቱ ይዳስሳል። አንዲት ጉጥ፣ አንዲት የክር ቋጠሮ ብትኖር እሱ ነው የሚሰማው። ታካሚዋ አይሰማቸውም።

የሥጋ ደዌ ትልቁ ጉዳት ይህ ነው። ባክቴሪያው በጣም ዝግተኛ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፣ ሰው ላይ ምልክቱ እስኪወጣ ዓመታት ያልፋሉ። የሚያጠቃው ቆዳንና ነርቭን ነው። ጣት የሚያጥረው በሽታው ስለሚበላው አይደለም። ነርቩ ሲሞት ሕመም ይጠፋል፤ ሕመም የጠፋበት እግር እሳት ላይ ይቆማል፣ በጫማው ውስጥ በገባ ጠጠር ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፣ ይቆስላል፣ ቁስሉ አጥንት ይደርሳል። አለርት ሲመሠረት ስማቸው ከሚነሣ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ዶክተር ፖል ብራንድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ይህንን ነው፤ ሕመም ጠባቂ መሆኑን።

እንግዲህ ጆንስተንን አስቡት። በሠላሳኛው ሰዓት ትከሻው ሲጮህበት፣ ዓይኑ ሲቃጠል፣ ገላው ይበቃሃል ይለዋል። ቢያስፈልገው ማቆም ይችላል፤ የሚነግረው አለውና። የምጽዋት ሩጫም ሆነ ቀዘፋ ለሰጪው የሚያሳየው ይህን ሕመም ነው። ዘነበወርቅ ላይ ያለው ሕመምተኛ ደግሞ ያጣው ይህንኑ ነው። ጤነኛው የሚሰማው ሕመም ለማይሰማው ሰው ጫማ ሲገዛ ከዚህ የተሻለ ልውውጥ አላውቅም።

በሽታው ራሱ ይድናል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የተደረገ ጥናት ባክቴሪያው በዘመኑ ዋና መድኃኒት የነበረውን ዳፕሶንን እየተላመደ መሆኑን አሳየ፤ ከዚያ ዓይነት ማስረጃ በመነሣት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን በአንድነት እንዲሰጡ መከረ። መድኃኒቱ የሚታሸገው በ28 ቀን ነው። ቀላሉ ዓይነት በስድስት እሽግ፣ ከባዱ በአሥራ ሁለት እሽግ ያልቃል፤ ለታካሚው በነፃ ነው። ቢሆንም እስካሁን በዓለም በየዓመቱ ከ150 ሺህ በላይ፣ በአገራችንም ከሁለት ሺህ በላይ አዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። ዘግይቶ የመጣ ሰው ባክቴሪያው ይሞትለታል፤ የሞተ ነርቭ ግን አይመለስለትም። ከዚያ በኋላ ያለው የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። በየቀኑ እግርን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማለስለስ፣ የጠጠረውን ቆዳ በሻካራ ድንጋይ መፈግፈግ፣ ቅባት መቀባት፣ ውስጥ እግርን መመልከት። ነገም እንዲሁ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አለርት በሚሠራባቸው የሸዋ አካባቢዎች ሕሙማኑ ራሳቸው በቡድን ተሰብስበው ይህን ማድረግ ጀመሩ። ስብሰባው የጽዋ ማኅበር ይመስላል፤ ልዩነቱ ተራ በተራ እግራቸውን አውጥተው እርስ በርስ መመርመራቸው ነው። ቁስሉን የሚያየው ቁስል ያለበት ወንድሙ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ አሠራር ወደ ሌሎች አገሮችም ተዛምቷል። ከአለርት ግቢ ካወቅኋቸው ነገሮች ሁሉ እኔ ይህን አስበልጣለሁ። እዚያ ቡድን ውስጥ ገላ የሚገለጠው ብር ለማግኘት አይደለም፤ እንዲድን ነው።

እንዲህ ያለው የዕለት ተዕለት ሥራ ገንዘብ የሚሰበስብለት ሰው አያገኝም። እኛ ስንሰጥ እንደ ጎርፍ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ከዚሁ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሲቀብር አገሩ ሁሉ እንባውንም እጁንም ዘረጋ። ብርድ ልብስ፣ ምግብ፣ ገንዘብ፣ ሁሉም መጣ። ያ ደግነት እውነተኛ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ካሜራውም ሰዉም ወደ ሌላ ጉዳይ ሄደ። ትልቅ ማዕበል ሩቅ ይወስዳል፣ ከዚያ ይበርዳል። ጫማ ግን በዓመት ያልቃል። ስፖንጁ ይጠቀጠቃል፣ ማሰሪያው ይበጠሳል፣ አዲስ ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ።

ለዚህ ነው የማዕበል ቆጣሪዎቹን አሠራር ወደ እኛ ጎዳና ማምጣት ያለብን። ታላቁ ሩጫ በኅዳር ነው፤ ዓለም አቀፉ የሥጋ ደዌ ቀን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ በጃንዋሪ የመጨረሻው እሑድ ይከበራል። በመሀላቸው ያለው ጊዜ ሁለት ወር ተኩል ቢሆን ነው። በኅዳር ሩጫ የሚሳተፍ አንድ የዘነበወርቅ ልጅ አሥር ሰው ፈልጎ በኪሎ ሜትር ጥቂት ብር ቃል ቢያስገባ፣ ሰጪዎቹም ቃላቸውን በአንድ ቀን ከመጨረስ ይልቅ በየወሩ በትንሽ በትንሹ እስከሚቀጥለው ሩጫ ቢከፍሉ፣ የአንድ ሰው ጫማ ዓመቱን ሙሉ ባለቤት ያገኛል። ሯጩም በየወሩ ሰጪዎቹን ማስታወስ ይኖርበታል። ወደ ጥልቁ መልሶ መቅዘፍ የምንለው ይህ ነው፤ ከሩጫው የሚከብደውም እሱ ነው። የስምንተኛው ወር አሥር ብር ከኅዳሩ መቶ ብር ይልቅ ለመጠየቅ ታሳፍራለች። ፎቶ የለባት፣ ጭፈራ የለባት፣ ቲሸርት የለባት።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ብንስማማበት ደስ ይለኛል። ለዚህ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ላይ እጅ ወይም እግር አይውጣ። የሚወጣው የሯጩ ፎቶ ይሁን፤ ላቡ ግንባሩ ላይ እየወረደ፣ ትንፋሹ እያጠረው። ከሥሩ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር፣ የተሰበሰበው ብር፣ ስንት ጥንድ ጫማ እንደተሰፋ ይጻፍ። በየወሩ ይታደስ። ጫማውን የተጫማው ሰው ማን እንደሆነ፣ እጁ ምን እንደሚመስል ሰጪው ማወቅ አያስፈልገውም።